የደም ስር መጠጠርን ቀድሞ ለማወቅ የቱ ይሻላል? ሰንጠረዥ፣ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ ወይስ ሲቲ ስካን

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ወረቀት ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የሰነበተ፣ ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ "ኖርማል" ተብሎ ተጽፎበታል። ከስሩ "ሙሉ ቼክአፕ አደረኩ፣ ደም ስርህ ንጹህ ነው አሉኝ፣ በቃ አትጨነቂ" ብሎኛል። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ወንድሜ 49 አመቱ ነው፣ ያጨሳል፣ አባታችን ደግሞ በ53 አመቱ ነው ጠዋት ቁርሱን በልቶ ወጥቶ ከሰአት በኋላ አስከሬኑ ቤት የገባው። ኢሲጂ ስለ ደም ስር ግድግዳ የሚናገረው ነገር እንደሌለ ማንም ለወንድሜ አልነገረውም፣ ገንዘቡን ግን ተቀብለውታል።

እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የልብ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው። ሀኪም አይደለሁም፣ ግፊት የምለካው፣ ኢሲጂ የምለጥፈው፣ ሰውን ለምርመራ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ እና ከሀበሻ ታካሚዎቻችን በየሳምንቱ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፣ "የደም ስሬን የሚያሳየኝ የቱ ነው፣ የቱን ልክፈል?" ይሄን የምጽፈው ለነሱም ለወንድሜም ነው። የምላችሁ ነገር ዋናው ይሄ ነው፣ ማንኛውንም ምርመራ ከመክፈላችሁ በፊት "ውጤቱ እንዲህ ቢወጣ ምን አደርጋለሁ፣ እንዲያ ቢወጣስ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለቱም መልስ አንድ አይነት ከሆነ ምርመራው አያስፈልጋችሁም።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር። ይሄ ሁሉ ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨመድድ፣ አረፍ ስትሉ የሚለቅ ህመም ካላችሁ ከዚህ በታች ያለውን ትታችሁ ሀኪም ጋር ሂዱ። ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ሆኖ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለበት ከሆነ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል።

በሽታው ተደብቆ ስንት ዘመን ይቆያል

እኛ ጋር ሁሉም ነገር "ልብ ድካም" ይባላል፣ የልብ ጡንቻ ቢደክምም፣ የልብ ደም ስር ቢዘጋም፣ ቫልቭ ቢበላሽም። እዚህ የማወራው ስለ ደም ስሩ ነው። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት የደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ሰውነት ሊያጸዳ ነጭ የደም ሴል ይልካል፣ ሴሎቹ ስቡን ውጠው እዚያው ይሞታሉ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ፕላክ የሚባለው ጉብታ ይሰራል፣ አመታት ሲቆይ ደግሞ ካልሲየም ይቀመጥበትና ይጠጥራል። (አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1953 የታተመ አንድ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮችን አስከሬን ሲመረምር አማካይ እድሜያቸው 22 ሆኖ ሳለ 77 በመቶዎቹ የልብ ደም ስራቸው ላይ የበሽታው ምልክት ተገኝቶባቸዋል። 22 አመት! ማድሪድ ውስጥ ደግሞ ከ40 እስከ 54 አመት የሆናቸው፣ ምንም የማያማቸው የባንክ ሰራተኞች በአልትራሳውንድና በሲቲ ሲታዩ 63 በመቶዎቹ አንድ ቦታ ላይ በሽታው ጀምሯቸው ነበር፣ ከሁሉ በብዛት የተገኘው ደግሞ ልብ ላይ ሳይሆን ወደ እግር የሚወርደው ብሽሽት አካባቢ ያለው ደም ስር ላይ ነው።

ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፣ ፕላኩ መጀመሪያ የሚያድገው ወደ ውጪ ነው፣ ቧንቧው ራሱ ሰፋ እያለ ቦታ ይለቅለታል፣ ስለዚህ ደሙ እንደ ልቡ ይፈሳል፣ ሰውየው ኳስ ይጫወታል፣ ኢሲጂውም ትሬድሚሉም "ኖርማል" ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ያ ብዙም ያላጠበበው ፕላክ ይቀደድና ደም ይረጋበታል። አባቴ ላይ የሆነው ይሄ ይመስለኛል፣ ከዚያ ቀን በፊት አንድም ቀን ደረቴን ብሎ አያውቅም።

አንደኛ፣ ሰንጠረዡ (ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተናቀው)

እድሜ፣ ጾታ፣ የላይኛው ግፊት፣ ሲጋራ፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል። እነዚህን አስገብቶ "በሚቀጥሉት 10 አመታት ልብ ወይ ስትሮክ የመያዝ እድልህ ይሄን ያህል በመቶ ነው" የሚል ስሌት ነው። ሀሳቡ በዋናነት የመጣው ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ በ1948 ከተጀመረው ጥናት ነው፣ 5,209 ሰው ይዘው አመት ከአመት ሲከታተሉ የትኛው ልማድ የትኛው ቁጥር ሰውን ለልብ በሽታ እንደሚዳርግ አዩ። ዛሬ ግን ብዙ አይነት ስሌት አለ፣ የቱን እንደምትጠቀሙ የምትኖሩበት ቦታ ይወስነዋል።

ኢትዮጵያ ላላችሁ የአለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ሰንጠረዥ ነው የሚሻለው። አለምን በ21 ክልል ከፍሎ የሰራው ነው፣ የኛ "ምስራቅ ከሰሀራ በታች አፍሪካ" የሚለው ውስጥ ነው። ይሄን ሰንጠረዥ የምወደው ሁለት አይነት ስላለው ነው፣ አንዱ ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ ሌላው ጭራሽ ደም አይፈልግም፣ በኮሌስትሮልና በስኳር ፋንታ ቁመትና ክብደት ነው የሚጠይቃችሁ። 78 ኪሎ ሆናችሁ ቁመታችሁ 1.70 ከሆነ 78ን ለ1.70 ሁለት ጊዜ አካፍሉት፣ 27 ይመጣል፣ ያንን ይዛችሁ ሳጥናችሁን ትፈልጋላችሁ። አረንጓዴ ከ5 በመቶ በታች ነው፣ ቢጫው ከ5 እስከ 10፣ ብርቱካኑ ከ10 እስከ 20፣ ከዚያ ቀይ። የገጠር ጤና ጣቢያ ላይ ሳይቀር ሊሰራ የሚችል ነገር ነው። የላብራቶሪውን ከተጠቀማችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ሰንጠረዡ ኮሌስትሮልን የሚያነበው በሚሊሞል ነው፣ አዲስ አበባ የሚሰጣችሁ ወረቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊግራም ነው፣ ለ38.67 አካፍሉት። 210 ካላችሁ 5.4 ነው ማለት ነው። ጭንቅላቱን ይዞ "ሰንጠረዡ ላይ 210 የሚባል የለም" ያለኝ ሰው አለ።

አሜሪካ ላላችሁ በ2013 የወጣውን አሮጌውን ስሌት ብዙ ሀኪም አሁንም ይጠቀመዋል፣ እሱ ዘር ይጠይቃል፣ ያለው ምርጫ ደግሞ ነጭ ወይ አፍሪካን አሜሪካን ነው ማለት ይቻላል። የኛ ሰው ከጎንደር የመጣ፣ ከ30 አመቱ በኋላ እዚህ የገባ ሰው፣ ሚሲሲፒ ተወልዶ ባደገ ሰው ቁጥር ሲተመን ውጤቱ የሱ ነው ማለት ይከብዳል። የአሜሪካ የልብ ማህበር በ2023 ያወጣው "ፕሪቬንት" የሚባለው ዘርን አውጥቶታል፣ በምትኩ የኩላሊት ስራን አስገብቷል፣ ከ30 አመት ጀምሮ ያሰላል፣ ለወጣቶች ደግሞ የ30 አመት ስጋትም ያወጣል። እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ብቻ እወቁት፣ ከአሮጌው ይልቅ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ በአንዱ 8 በሌላው 4 ቢወጣላችሁ አትደናገጡ፣ ልባችሁ አልተቀየረም፣ መለኪያው ነው የተቀየረው። እንግሊዝ ላላችሁ "ኪውሪስክ 3" አለ፣ እሱ እንኳን "ጥቁር አፍሪካዊ" የሚል ምርጫ አለው፣ ማይግሬንና ሩማቶይድ የሚባለውን የመገጣጠሚያ መቆጣት እንኳን ይጠይቃል። የተቀረው አውሮፓ "ስኮር 2" ይጠቀማል።

የሁሉም ድክመት አንድ ነው፣ እድሜ ይጫናቸዋል። 41 አመት ሆኖ በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው የ10 አመት ስጋቱ ትንሽ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ይሄ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ገና ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ደግሞ የቤተሰብ ታሪክን አብዛኞቹ አይቆጥሩም፣ አባት ወይ ወንድም ከ55 በፊት፣ እናት ወይ እህት ከ65 በፊት በልብ ከታመሙ ስሌቱ ከሚለው በላይ ነው ስጋታችሁ። ሴቶች፣ እርግዝና ላይ ግፊት (ፕሪኤክላምፕሲያ) ይዟችሁ ከነበረ ወይ የወር አበባ ከ40 በፊት ቆሞ ከሆነ ለሀኪሙ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት አይጠይቃችሁም። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰውም እንዲሁ፣ ስጋቱ ከስሌቱ ከፍ ይላል።

ስለ ግፊት አለካክ ሳልናገር አላልፍም ምክንያቱም ሰንጠረዡን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው እሱ ነው። ሰው ከመኪና ወርዶ ሮጦ ይገባል፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ እጅጌው ላይ ይጠመጠምለታል፣ አልጋ ጫፍ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ እያወራ ይለካል። እንዲህ ተለክቶ 152 የወጣ ሰው በስርአት ሲለካ 136 ሆኖ አይቻለሁ። በስርአቱ ማለት ሽንት ቤት ሄዶ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ ባዶ ክንድ ልብ ትክክል ተቀምጦ፣ 5 ደቂቃ ዝም ተብሎ ነው። ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ የተነሳ ሰው ደግሞ ቢቆይ ይሻላል። ቤት ውስጥ የክንድ መለኪያ ካላችሁ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ፣ ቤት ውስጥ ከ135 በ85 በላይ ከሆነ ግፊት አለ።

ሁለተኛ፣ ደም

ተራው የኮሌስትሮል ምርመራ (ሊፒድ ፕሮፋይል) በቂ ነው ለአብዛኛው ሰው። ኤልዲኤል የሚለውን ነው የምታዩት፣ ግን ብዙ ላብራቶሪ ኤልዲኤልን አይለካም፣ ያሰላዋል። ጠቅላላው 210፣ ኤችዲኤል (ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል) 45፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 150 ከሆነ፣ 150ን ለ5 አካፍሎ 30፣ 210 ሲቀነስ 45 ሲቀነስ 30፣ ኤልዲኤል 135 ይላችኋል። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ሲሆን ይሄ ስሌት አይሰራም፣ ወረቀቱ ላይ ኤልዲኤል ባዶ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሳይበሉ መምጣት እንደ ድሮው ግዴታ አይደለም፣ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ላለበት ሰው ግን ባዶ ሆድ ይሻላል።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። በጾም ወቅት የተሰራ ኮሌስትሮልና ከፋሲካ በኋላ የተሰራ አንድ አይደለም። 55 ቀን ሁዳዴን ያለ ስጋ ያለ ቅቤ ያለ እንቁላል አሳልፎ በሰሙነ ህማማት ደም የሰጠ ሰው ኤልዲኤሉ ወርዶ ሊያገኘው ይችላል፣ ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ ዶሮው በንጥር ቅቤ፣ ክትፎው፣ ቁርጡ፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ቢለካ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ጾሙ ውሸት ነው አላልኩም፣ እንዲያውም ምግብ ምን ያህል እንደሚሰራ ያሳያችኋል። ግን መድሀኒት ልጀምር አልጀምር የሚለውን ለመወሰን ከሆነ አብዛኛውን አመት በምትበሉበት አበላል ላይ ሆናችሁ ተለኩ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተለኩ፣ ወረቀቱ ላይም "በጾም" ብላችሁ ጻፉበት።

ከዚህ በላይ ከከፈላችሁ የቱ ይሻላል? እኔ ሳላመነታ "ሊፖፕሮቲን ትንሿ ኤ" የሚባለውን (እንደ ኤልዲኤል ያለ ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት ነው) ነው የምለው። በዘር የሚወረስ ነው፣ በምግብ በስፖርት ብዙም አይቀየርም፣ ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው በህይወት አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል። የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ በአማካይ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ይታወቃል፣ ይሄ ለኛ ጉዳዩ ነው ማለት ነው። 50 ሚሊግራም ወይም 125 ናኖሞል እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስጋት ጨማሪ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ኮሌስትሮላቸው "ኖርማል" ሆኖ በወጣትነታቸው ልባቸውን የሚታመሙ ቤተሰቦች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው እሱ ነው። "አፖ ቢ" ደግሞ ቅንጣቶቹን ይቆጥራል፣ ስኳር ላለበት፣ ቦርጭ ላለው፣ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ላለ ሰው ኤልዲኤል ከሚለው በላይ እውነቱን ይነግረዋል። ካልተገኘ ግን ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ፣ ከላይ ባለው ምሳሌ 165፣ ነጻ ነው፣ ጥሩ ምትክ ነው። የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ምርመራው (ሲአርፒ፣ ረቂቁ) 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስጋት ይጨምራል ይባላል፣ ግን ጉንፋን ይዟችሁ ወይ ጥርስ አሟችሁ ከሰጣችሁ ከንቱ ነው፣ እኔ አልከፍልበትም።

ሶስተኛ፣ ፎቶ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጓጓው። ሰው ማየት ይፈልጋል፣ እኔም አልወቅስም።

የካልሲየም ስካን የሚባለው ሲቲ ነው። መርፌ የለም፣ ቀለም አይገባም፣ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ጋውን ትለብሳላችሁ፣ ሶስት የኢሲጂ ተለጣፊ ደረት ላይ ይደረጋል፣ እጃችሁን ወደ ላይ ትዘረጋላችሁ፣ አልጋው ቀለበቱ ውስጥ ይገባል፣ "ትንፋሽ ያዙ" የሚል ድምጽ ይመጣል፣ አስር ሰከንድ አካባቢ፣ "ልቀቁ"፣ አለቀ። ልብ ደም ስር ላይ የተቀመጠውን ካልሲየም ቆጥሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ አጋትስተን ስኮር ይባላል፣ በ1990 ዘዴውን ባወጣው ሀኪም ስም። ጨረሩ 1 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። ዜሮ ማለት የጠጠረ ፕላክ አልታየም፣ ከ1 እስከ 99 ጀምሯል፣ ከ100 በላይ መድሀኒት የሚያስጀምር፣ ከ300 ወይ ከ400 በላይ ከባድ። "ሜሳ" የሚባለው በ2000 የተጀመረ 6,814 ሰው የያዘ የአሜሪካ ጥናት ይሄ ቁጥር ከሰንጠረዡ በላይ ሰውን እንደሚለይ በደንብ አሳይቷል፣ በሰንጠረዥ መሀል ላይ የቆሙ ሰዎች ወደ ታችም ወደ ላይም ይሄዳሉ በሱ።

ግን ገደቡን እወቁ። ካልሲየም የበሽታው የመጨረሻ ክፍል ነው፣ ለስላሳውን ፕላክ አያየውም። በ35 አመታችሁ ዜሮ ብታገኙ ብዙም አያወራም፣ ለአጫሽና ለስኳር ህመምተኛ ዜሮ ሙሉ ምስክር ወረቀት አይደለም። ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድሀኒት) የጀመረ ሰው ደግሞ አይድገመው፣ መድሀኒቱ ፕላኩን ስለሚያደነድነው ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል፣ ሰውየው "መድሀኒቱ ጎዳኝ" ብሎ ያቆመዋል፣ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይከፍልም፣ ከኪስ ብዙ ቦታ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ይበልጣል፣ ደውላችሁ አወዳድሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ ሲቲ ያለበት ቦታ ሁሉ ይሄን አይሰራም፣ "የልብ ካልሲየም ስኮር ያለ ቀለም ትሰራላችሁ ወይ" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ተራ የደረት ሲቲ ተሰርቶላችሁ ትመለሳላችሁ።

የአንገት አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ ርካሽ ነው፣ ማሽኑም ሰሪውም በየከተማው ይገኛል። እዚህ ሁለት ነገር አይምታታባችሁ። የግድግዳ ውፍረት በሚሊሜትር የሚለካው ለተራ ምርመራ አይመከርም፣ የሰሪው እጅ ትንሽ ሲለያይ ቁጥሩ ይለያያል፣ የአሜሪካ መመሪያም በ2013 ትቶታል። ፕላክ አለ ወይስ የለም የሚለው ግን ዋጋ አለው፣ ካለ አለ ነው፣ በሽታው ሰውነታችሁ ውስጥ ጀምሯል። ስለዚህ ሲያዩላችሁ "ፕላክ ካለ ይጻፉልኝ፣ ብሽሽቱንም ይዩልኝ" በሉ፣ ማድሪድ ያሉት ባንከኞች ላይ ከአንገት ይልቅ ብሽሽት ላይ ነው በብዛት የተገኘው።

የቁርጭምጭሚት ግፊት የሚባለው ለእግር ነው። ክንድ ላይ 130፣ ቁርጭምጭሚት ላይ 110 ከሆነ 110 ለ130 ሲካፈል 0.85፣ 0.90 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የእግር ደም ስር ጠቧል ማለት ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ለሚያጨሱ፣ ሲራመዱ ባታቸውን ለሚይዛቸው ድንቅ ነው። ስኳር ያረጀበት ሰው ግን ደም ስሩ እንደ እንጨት ስለሚደርቅ ከ1.40 በላይ የሆነ የውሸት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

በቀለም የሚሰራው የልብ ደም ስር ሲቲ (አንጂዮግራፊ) ለስላሳውንም ያያል፣ ከሁሉ ግልጹ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የደረት ህመም ያለባቸው 4,146 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ5 አመት ውስጥ በልብ መሞትና የልብ ደም ስር መዘጋት ሲቲው ካልተጨመረላቸው 3.9፣ ከተጨመረላቸው 2.3 በመቶ ሆኗል ምክንያቱም ፕላኩ የታየበት ሰው መድሀኒቱን በጊዜ ስለጀመረ። ግን ልብ በሉ፣ እነዚያ ህመም ያለባቸው ናቸው። ምንም ለማያመው ሰው ቀለሙ፣ ኩላሊቱ፣ ዋጋው ተደምሮ እኔ መጀመሪያ የምሮጥበት አይደለም።

ደም ስርን የማያሳዩ ግን "ደም ስርህ ንጹህ ነው" የሚያስብሉ

ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው፣ የድሮ ጉዳት ካለ፣ ምት ከተዛባ ያሳያል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ጡንቻውንና ቫልቩን ያሳያል፣ በህጻንነት ከቶንሲል ተነስቶ ቫልቭ ለሚጎዳው በሽታ አገራችን ውስጥ የግድ ነው፣ የልብ ደም ስር ውስጥ ያለ ፕላክ ግን አያሳይም። ትሬድሚል ላይ ሮጦ የሚታየው ደግሞ ቧንቧው በጣም ሲጠብ፣ 70 በመቶ አካባቢ ሲዘጋ ነው በአብዛኛው የሚነግራችሁ፣ ከዚያ በታች ያለውን ያልፈዋል። ሶስቱም ጥሩ ምርመራ ናቸው ለራሳቸው ጥያቄ። ፓኬጅ ውስጥ ስታዩዋቸው ግን ደም ስር ተመረመረልኝ ብላችሁ አትውሰዱ።

እና የቱን ልምረጥ?

ኤልዲኤላችሁ 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰንጠረዥም ስካንም አትፈልጉ፣ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ህክምና ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ልጆቻችሁንም አስመርምሩ። ስኳር ኖሮባችሁ ከ40 እስከ 75 ከሆናችሁም ስታቲን በአብዛኛው ያለ ስካን ይታዘዛል፣ የስካኑን ገንዘብ ለመድሀኒቱና ለስኳር መለኪያው አድርጉት። ከዚህ በፊት ስትሮክ ወይ የልብ ህመም የያዘው ሰውም እንደዚያው።

እጃችሁ አጭር ከሆነ፣ ያለ ደም የሚሰራው ሰንጠረዥ፣ በስርአት የተለካ ግፊት እና አንድ ጊዜ ስኳር። ይሄ ብቻውን አብዛኛውን ስራ ይሰራል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ትንሽ ካላችሁ ሊፒድ ጨምሩበት፣ የቤተሰብ ታሪክ ካለ ትንሿን ኤ። ስካን የሚጠቅመው መሀል ላይ ላለ ሰው ነው፣ ስሌቱ ከፍም ዝቅም ያላለ፣ ሀኪሙ "መድሀኒት ብትጀምር ጥሩ ነበር" ያለው እሱ ደግሞ መድሀኒት ያልፈለገ፣ ወይም ስሌቱ ዝቅ ብሎ ቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነት የሞተ ያለ ሰው። ሲቲ ካልተገኘ የአንገትና የብሽሽት አልትራሳውንድ።

እኔ 46 ነኝ። በፕሪቬንት ሳሰላው ትንሽ ቁጥር ነው የወጣው፣ ሀኪሜም ተረጋጊ ብላኝ ነበር፣ ግን አባቴን ነገርኳትና ስካኑን ሰራሁ። 38 ወጣ። በኔ እድሜ ያሉ ሴቶች አብዛኛዎቹ ዜሮ ስለሆኑ 38 ለኔ ትንሽ አይደለም፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሮሱቫስታቲን ጀመርኩ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ተለካሁ፣ ኤልዲኤሌ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ወንድሜ ስካን አልሰራም። እሱ ላይ ጥያቄው ግልጽ ነበር፣ ያጨሳል፣ አባቱ በ53 ሞቷል፣ ግፊቱ በስርአት ሲለካ 148፣ ኤልዲኤሉ 160፣ ሰንጠረዡም ላይ ከአረንጓዴው ወጥቷል። ዜሮም ቢወጣ 200ም ቢወጣ ሲጋራውን ማቆም አለበት፣ የግፊት መድሀኒት መጀመር አለበት፣ ስታቲንም ሀኪሙ ጋር ተነጋግሮ ጀምሯል። ለስካን ሊከፍለው በነበረው ብር የክንድ ግፊት መለኪያ ገዛ። ሲጋራው ከብዶታል፣ ሁለቴ አቁሞ ሁለቴ ተመልሷል፣ አሁን ሶስተኛው ላይ ነው፣ 19ኛ ቀኑ። ማታ ማታ የመለኪያውን ፎቶ ይልክልኛል፣ ትናንት 134 በ82 ይል ነበር፣ ክንዱ ባዶ ነው፣ እግሩም መሬት ነክቷል፣ እንዳየው ብሎ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ነው ያነሳው።